የሐምሌ አሥሩ ሰባት ሕፃናት

ሰኔ 18

የጆሮ መመርመሪያዋ ዛሬ ደረሰች። ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። ከአንድ ጎኗ ቀጭን ገመድ ይወጣል፤ ከገመዱ ጫፍ ላይ የጨቅላ ሕፃን ጆሮ ውስጥ የምትገባ ለስላሳ ጎማ አለች። ባሕር ዳር ሁለት ቀን ሠልጥነን የመጣነው እኔና ሠናይት ነን። እኔ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ስለሆንኩ፣ እሷ ደግሞ ከአዋላጆቹ ሁሉ ወጣቷና ቀልጣፋዋ ስለሆነች።

አዲሱ መመሪያ አጭር ነው። እኛ ዘንድ የተወለደ ልጅ ሁሉ ጆሮው ሳይመረመር ከማዕከሉ አይወጣም። በአንድ ወር ውስጥ ምርመራ፣ በሦስት ወር ማረጋገጫ፣ በስድስት ወር እርዳታ። አሠልጣኙ፣ «በስድስት ወሩ የተደረሰለት ልጅና በሦስት ዓመቱ የተደረሰለት ልጅ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም» ያለው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የእናቶች ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ በላይነህ ሁላችንንም ሰብስቦ መመሪያውን አነበበልን። «እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን። ሰው የሚያየን በቁጥራችን ነው» አለ። አጨበጨብን።

ሰኔ 23

ዛሬ የመጀመሪያውን ልጅ መረመርኩ። ትናንት ጠዋት የተወለደ ነው፤ ጠብቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ጎማዋን ጆሮው ውስጥ አስገብቼ ትንፋሼን ያዝኩ። መመርመሪያዋ ቀጭን ድምፅ ትልካለች። ደህና የሆነ ጆሮ ደግሞ የራሱን ድምፅ መልሶ ያወጣል። እኛ አንሰማውም፤ እሷ ትሰማዋለች። አረንጓዴ በራ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳዋልድ ጆሮ መልስ እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ለልጄ ለሕይወት ነገርኳት። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሁሉን ነገር ትጠይቃለች።

«መልስ ካልሰጠስ?»

«ቀይ ይበራል። ይደገማል። ከዚያ ጎንደር ይላካል።»

ቀላል ነገር አስመስዬ ነው የነገርኳት።

ሐምሌ 3

ዝናቡ ገባ። ማዋለጃችን ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ሲወርድ አጠገቤ ያለችውን እናት እንኳ ጮኼ ነው የማናግራት። መመርመሪያዋ «ጫጫታ» ብላ ጽፋ ትቆማለች። ብርድ ልብስ ደርበን ሞከርን። መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ሞከርን። እንቢ አለች።

በዚህ ሳምንት ከተወለዱት አሥራ ስድስት ልጆች የመረመርነው ዘጠኙን ብቻ ነው። ቀሪዎቹን «ሌላ ቀን ይምጡ» ብለን ሸኘን። ከጉና የወረደች አራስ በዚህ ጭቃ ሌላ ቀን ትመጣለች?

በላይነህ የሳምንቱን ቁጥር አይቶ፣ «ሲስተር፣ ይህን ይዤ ስብሰባ ልግባ?» አለኝ። ስለ ጣራው ነገርኩት። «ኮርኒሱ ከክረምት በኋላ ነው» አለ። መመሪያው ግን ከክረምት በፊት ነው።

ሐምሌ 10

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ሰባት አራሶች ሊወጡ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አንዷ ወላድ ደም ፈሰሳት፣ ሠናይት እሷ ጋ። የጉና መንገድ መኪና ሹፌር በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ ወንዙ ሳይሞላ ልሂድ ይላል። በላይነህ ሁለት ጊዜ ብቅ አለ። ነገ መዝገባችንን የሚያዩ ጎብኚዎች አሉብን።

ሰባቱም ተመዝግበዋል። ደክሞኛል።

ሐምሌ 11

ጎብኚዎቹ መዝገቡን ገለጡ። አንዷ፣ «የእጅ ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል» አለችኝ። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ትናንት ከወጡት አንዷ ትርንጎ ናት፤ ከጉና ግርጌ የመጣች፣ ሃያ አንድ ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ልጇ። አሥራ አራት ሰዓት አምጣ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ሴት ልጅ ነው የወለደችው። የመውጫ ወረቀቷን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። ማንበብ አትችልም።

«ምን ይላል ሲስተር?»

«ሁሉ ነገሯ ደህና ነው ይላል።»

«ጆሮዋም?»

ለምን ጆሮን ለይታ ጠየቀች? ስለ ምርመራው ክፍሉ ውስጥ ሲወራ ሰምታ ይሆናል።

«ጆሮዋም» አልኳት።

ደግሞ ልጅቱ በሩ ሲዘጋ ደንግጣለች። በዓይኔ አይቻለሁ። እጆቿን ዘርግታ ነው የደነገጠችው። በሩ ሲዘጋ ነፋስ ይገባል፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቷን መቷት ይሆናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ግን ደንግጣለች።

ሐምሌ 17

እጄን ስታጠብ ሠናይት በወዲያ በኩል ከጽዳቷ ሴት ጋር ስታወራ ሰማሁ። «እኔ በዝናብ አንድም ልጅ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ሲስተር ግን ሰባት በአንድ ቀን!» አለች። ሳቅ የለበትም፣ ነቀፋ የለበትም። ዝም ብላ ተናገረችው።

ውኃውን ሳልዘጋ ብዙ ቆየሁ።

ሐምሌ 30

የወሩ ውጤት ዘጠና አራት በመቶ። በላይነህ በሠራተኛ ፊት ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። የማመስገኛ ወረቀትም ሰጠኝ። ቤት ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሕይወት ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብላ ብትለምነኝ እንቢ አልኳት።

ሕይወት ዛሬ ተቆጣችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስታጠና ከኋላዋ ሄጄ እጄን አጨበጨብኩ።

«እማዬ! ምን ሆነሻል? ሦስተኛሽ ነው በዚህ ሳምንት!»

ሦስተኛዬ መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጄ የምትሰማ መሆኗን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። ግን ዞር ስትል አንድ ነገር ከደረቴ ላይ ይነሣልኛል። ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል።

ነሐሴ 6

ሠናይት ዛሬ የሁለት ቀን ልጅ አገኘች፤ በሁለቱም ጆሮ ቀይ። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምትመረምረው፣ ዝናቡ ሳይጀምር። ማንም ሳያዛት ከቤቷ በጨለማ ትነሣለች። ለእናትየው አጠገቧ ተቀምጣ በቀስታ አስረዳቻት። እናትየው አለቀሰች፣ ከዚያ ቀጠሮዋን ጠየቀች፣ ከዚያ ልጁን አጠባች። በቃ። ይህን ያህል ነው።

ማለዳ መነሣት እኔስ አያቅተኝም ነበር። ምክንያቱ ይህ ከሆነ በጣም ትንሽ ምክንያት ነው።

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። ከተማው ሙሉ ጅራፍ ሲጮህ ዋለ። ከማዕከሉ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሲያጮሁ እያንዳንዱ ግርፋት እንደ ጥይት ነው። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ጨቅላዎች ነበሩ። በጮኸ ቁጥር ስምንቱም አንድ ላይ ይደነግጣሉ፣ ስምንት ጥንድ እጅ ብድግ ይላል። እናቶቹ ይስቃሉ። እኔ መሐል ቆሜ እቆጥራለሁ። ስምንት። ስምንት። ስምንት።

ጉና ላይም ጅራፍ ይጮሃል። እረኞቹ ከኛ ይበልጣሉ። ትርንጎም ልጇን ታቅፋ እደጅ ተቀምጣ ይሆናል።

ነሐሴ 25

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ትርንጎ መጣች። የአርባ አምስት ቀን ክትባት ብላ ነው፤ ክትባቱ እዚያው ቀበሌያቸውም ነበረ። አማቷ እማማ ፈንታነሽ አብረዋት ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልለው የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ይህን አንብቢልኝ» አሉኝ።

የራሴን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጆሮ፦ በሁለቱም በኩል ደህና።

«አየሽ?» አሉ ወደ ትርንጎ ዞረው። «ልጅቱ ከዚህ ስትወጣ ትሰማ ነበር። በቡሄ ዕለት ያ ሁሉ ጅራፍ ጆሮ ግንዷ ላይ ሲጮህ ዓይኗን አልገለጠችም። እንግዲህ በመሐል ምን መጣ? ይቺ አራስ ሆና በእኩለ ቀን ወንዝ ወርዳ ልብስ አጠበች። ልጅቱን ምች አስመታቻት። ተይ ስላት ሰምታኛለች?»

ትርንጎ ቀና አላለችም። ከሐምሌ ወዲህ ግማሽ ሆናለች፤ ጉንጯ ጎድጉዷል። ቀስ ብላ፣ «ሲስተር፣ ከወጣች በኋላ ሊጠፋ ይችላል? እኔ ላጠፋው እችላለሁ?» አለችኝ።

በላይነህ ኮሪደሩ ላይ ከሰዎች ጋር ቆሟል። ድምፁ ይሰማኛል።

«ገና ትንሽ ናት» አልኳት። «ጊዜ ስጧት።»

«መመርመሪያው ድጋሚ ቢያያትስ?»

«ዛሬ ባትሪው አልቋል።»

አላለቀም። መመርመሪያዋም ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። በመዝገቡ ነበር የሸፈንኳት።

ትርንጎ አመሰገነችኝ። ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ።

ነሐሴ 28

በሐምሌው ዝናብ ነው፣ በጥድፊያው ነው፣ በጎብኚዎቹ ነው እል ነበር። ነሐሴ 25 ዝናብ አልነበረም።

ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዝናብ ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች እየጨፈሩ ይታጠባሉ፣ ሕይወትም ወጣች። እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቆርቆሮውን አዳምጣለሁ። አንዳንዴ በዝናቡ ውስጥ ቀጭን ድምፅ አለ፤ መመርመሪያዋ የምታወጣውን ዓይነት። ተነሥቼ ስፈልገው ይጠፋል።

ስድስቱን መፈለግ አለብኝ። ከትርንጎ ሌላ ያሉትን ስድስቱን።

መስከረም 5

ስድስቱንም አገኘሁ። ሁለቱ ወደ ይፋግ መንገድ፣ አንዱ ሐሙሲት፣ ሦስቱ እዚሁ ከተማ። መመርመሪያዋን በቦርሳዬ ይዤ ከሥራ በኋላ እየዞርኩ መረመርኳቸው። ለሁሉም፣ «የክትትል ምርመራ ነው» አልኳቸው።

የመጨረሻዋ ሙኒራ ነበረች፣ የጨርቅ ነጋዴው የሸሪፍ ባለቤት። ሱቁን ዘግቶ ሰዉን ዝም አሰኘልኝ። አረንጓዴ፣ በሁለቱም። ሙኒራ፣ «አላህ ይስጥሽ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም አይተን አናውቅም» ብላ ጨርቅ ልትሰጠኝ አወጣች። አልቀበልም ስላት፣ «ምን አጠፋሁ?» ብላ አዘነች።

ስድስት አረንጓዴ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ ደህና ናቸው፣ ቀሪዋ አንድ ብቻ ናት።

መስከረም 11

ከጉና በኩል የመጣች ነፍሰ ጡር ክትትል ላይ ነበረች። ስለ አገር ስትጠየቅ፣ «ኧረ የዓለምነው ሚስት ነገር አሳዘነን» አለች አጠገቧ ለተቀመጠችው። የትርንጎ ባል ስሙ ዓለምነው ነው። ወረቀቴን እየጻፍኩ አዳመጥኩ።

«ልጇን ደንቆሮ አደረገቻት ብለው ነው። አማትየው ከእጇ መብላት አቆሙ። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። ክርስትናው ሳይደርስ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ይባላል።»

«ልጅቱስ?»

«እንጃ። እሷ እንደሆነ አንድ ቃል አትናገርም። ልጅቱን አቅፋ ጆሮዋ ውስጥ ስትጣራ ነው የምትውል።»

ስትጣራ ነው የምትውል።

መስከረም 13

ለሠናይት ነገርኳት። መጋዘኑ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«አውቅ ነበር ሲስተር» አለች። «መመርመሪያዋ የሠራችውን ሁሉ በቀን ትመዘግባለች። ሐምሌ አሥር ባዶ ነው።»

«መቼ አየሽ?»

«በማግስቱ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ፊቷ ቀላ። «እርስዎ ነዎት ማዋለድ ያስተማሩኝ። ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

ከዚያ ጨመረች። «የወሩን ሪፖርት ከመመርመሪያዋ ላይ ገልብጬ የምሰጠው ለአቶ በላይነህ ነው። እሳቸውም አይተውታል። 'የመዝገቡን ቁጥር ጻፊ' አሉኝ።»

ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ሦስት ሰዎች ስናውቅ የማታውቀው ትርንጎ ብቻ ነበረች።

መስከረም 15

በላይነህ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም፤ ወንበር አቀረበልኝ።

«ልጅቷን አስመጪና አዲስ ምርመራ አድርጊላት። ቀይ ከሆነ ጎንደር ላኪያት። መስማት በኋላም ሊጠፋ ይችላል፣ አይደል? እንዲህ ተብሎ ይጻፋል። ልጅቷ እርዳታ ታገኛለች፣ አንቺም ትድኛለሽ። ማን ይጎዳል?»

«እናትየው።»

«እንዴት?»

«በኋላ ነው የጠፋው ካልን እሷ አጠፋችው ማለት ነው። እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚነበበው።»

እርሳሱን አገላበጠ። «ሲስተር፣ ሕይወት እኮ ገና ተማሪ ናት» አለኝ። በክፋት አይደለም። ለዚህ ነው ያስፈራኝ፣ ምክሩ ልክ ይመስል ነበር። ከቢሮው ስወጣ እሽታም እንቢታም አልሰጠሁትም።

መስከረም 18

ዳመራው ትናንት ተለኮሰ። ሰው ሁሉ ይስቃል። ሕይወት ክንዴን ይዛ፣ «እማዬ፣ ማን ነው የጠራሽ? ለምን ትዞሪያለሽ?» አለችኝ። ማንም አልጠራኝም።

ቤት ስንገባ ነገርኳት። ሁሉንም። ሥራዬን ላጣ እንደምችልም። ከዚያ፣ «ልጅቷ ስንት ወር ሞላት?» ብላ ጠየቀች።

«ሦስት ሊሞላት ነው።»

«ታዲያ ስድስት ሳይሞላት ነዋ» አለችኝ።

መስከረም 21

ትናንት እሑድ ጉና፣ ትርንጎ ቤት ሄጄ ማታ ተመለስኩ። እግሬ አብጧል። ማለዳ ተነሥቼ ነው የምጽፈው፣ አንድም ነገር እንዳይጠፋኝ።

ሠናይት መመርመሪያዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባችልኝ። መኪናው ዳገቱ ግርጌ አወረደኝ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ሦስት ሰዓት ያህል በእግሬ። ገብሱ እሸት ይዟል። ጉምና ካፊያ ነበረ፣ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሦስት ናቸው። እማማ ፈንታነሽ ከምሰሶው አጠገብ፣ ዓለምነው ከበሩ ጋር። ትርንጎ ልጇን ይዛ መደብ ጥግ ላይ፣ ከሁሉም ርቃ። ስታየኝ ብድግ ብላ እጅ ልትነሣኝ ጎንበስ አለች። «ተቀመጪ» አልኳት።

ልጅቱን ለመመርመር ፈቃድ ጠየቅሁ። ውሻውን አስወጡ፣ በሩን ገፋ አደረጉት። ቤቱ የሣር ክዳን ነው። ደጅ ካፊያው እየወረደ ውስጥ አንድም ነገር አይሰማም። በአገሩ ያለ ምርጥ የምርመራ ክፍል ይህ ነበር።

ልጅቱን አበዙ ይሏታል። ጠብታ ተኝታለች። ቀኝ ጆሮ። ጠበቅሁ። ቀይ። ግራ። ቀይ። ሦስት ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ዓይኔ ደበዘዘብኝ፣ በነጠላዬ ጠረግሁና አራተኛ አየሁ።

ዓለምነው፣ «ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» አለ። ትልቋን ጎማ ለውጬ የራሱ ጆሮ ላይ አደረግሁለት። አረንጓዴ። አንገቱን ደፋ።

አንዱ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ ልጅቱ አትሰማም። የመጣንበትም ይኸው ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ትሰማ የነበረች ልጅ እንዴት ሆነች ነው ነገሩ» አሉ።

«አባቴ፣ ከእኛ ዘንድ ስትወጣ ትስማ አትስማ ማንም አያውቅም» አልኩ። «ያን ቀን አልመረመርኳትም። ዝናብ ነበር፣ መመርመሪያው እንቢ አለ፣ እኔም ቸኮልኩ። ሳልመረምር ደህና ናት ብዬ ጻፍኩ። ሲወለዱ የማይሰሙ ልጆች አሉ፤ ከወንዝ አይደለም፣ ከፀሐይ አይደለም፣ ከእናት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ጆሮአቸው እጃቸውን አስጠጉ። «ማን ነው የጻፈው አልሽ?»

«እኔ።»

እማማ ፈንታነሽ ብቻ ተንቀሳቀሱ። ያን በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ከጉያቸው አውጥተው አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ዝም ብለው አዩት። «እኔ ይህን ይዤ ነው» አሉ። «እኔ ይህን ይዤ ነው ልጄን…» አልጨረሱትም። ተነሥተው መደቡ ጥግ ሄዱና ከትርንጎ አጠገብ ተቀመጡ። አልነኳትም። አጠገቧ ተቀመጡ።

ትርንጎ እስከዚያ ድረስ እኔን ስታየኝ ነበር።

«ነሐሴ ላይ ስመጣ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

ይህን እንድትጠይቅ አልጠበቅሁም። አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር። ማንም አያረጋግጥብኝም።

«አውቅ ነበር።»

«ባትሪውስ?»

«አላለቀም ነበር።»

እንባ አላየሁባትም። «የሐምሌውን እተውልዎታለሁ» አለች። «ዝናብ ነበር፣ አይቻለሁ። እርስዎም ሰው ነዎት። ነሐሴ ግን እኔን አይተውኛል። እንዴት እንደሆንኩ አይተውኛል። ጠይቄዎታለሁም። የዚያን ዕለት ቢነግሩኝ እዚያው ይቅር እልዎት ነበር።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ «ወረቀት አምጣ» አለችው። «አሁን የተናገሩትን ይጻፉልኝ። ስማቸውንም። ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ የማሳየው እፈልጋለሁ።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ዓለምነው ጮክ ብሎ አነበበው። «አልመረመርኳትም» የሚለው ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ እንደገና ጀመረው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የሚፈርዱት ነገር አልነበረም።

የጎንደሩን ቀጠሮ ለዓለምነው አስረዳሁት። ምሳ ይብሉ ያለኝ እሱ ነው፤ እንደ ወጉ። አልበላሁም። ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ።

መስከረም 23

ለበላይነህም ለበላዮቹም አንድ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ሰባቱ፣ ስለ ነሐሴውም፣ ስለ ጣራውም። ስለ ሠናይት ዝምታ አልጻፍኩም። ራሷ ሄዳ ጻፈች።

በላይነህ አንብቦ፣ «ራስሽን ብቻ አይደለም ያቃጠልሽው» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት።

መስከረም 25

ዛሬ የአበዙ ሰማንያ ቀን ነው፣ ክርስትና ትነሣለች። ከግቢዬ ጉና አይታይም፣ ደመና ውጦታል። ጠዋት ሙሉ ወደዚያ ስመለከት ቆየሁ።

ጥቅምት 9

ከማዋለጃው አንሥተው ካርድ ክፍል አስቀመጡኝ፣ ጉዳዬ እስኪታይ። በላይነህም እየተጠየቀ ነው። ሠናይት ክፍሉን ይዛለች። የመስከረም ውጤት ስልሳ አንድ በመቶ። ቀሪዎቹን በስም በስም ጽፋ በቀበሌ ሠራተኞች ታስፈልጋቸዋለች።

ሰው ሲጠራኝ አሁንም አንዳንዴ ዘግይቼ ነው የምዞረው። ድምፁ ከማን እንደመጣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ጥቅምት 22

የጎንደሩ ሐኪም አረጋገጠ። በሁለቱም ጆሮ ነው፣ ከውልደት ነው። በጊዜ ስለተደረሰ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ ብሏል። የጆሮ መርጃ ይሞከርላታል፤ እናትና አባትም የእጅ ቋንቋ ይማራሉ። ይህን የነገረችኝ ሠናይት ናት። ትርንጎ ለእኔ የላከችው መልእክት የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬ መናኸሪያ አጠገብ አየኋቸው። ወደ ጎንደር ለሁለተኛ ቀጠሮ ሊሳፈሩ ነው። ዓለምነው ወረፋ ይዟል። እማማ ፈንታነሽ ስንቅ ተሸክመዋል፤ አዩኝና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ትርንጎም አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። ልክ ናት።

አበዙ በእናቷ ትከሻ ላይ ወደ ኋላ ዞራ ነበር፣ ፊቷ ወደ እኔ። ዓይኖቿ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳሉ። ምን ያህል እንደምታይ! መኪናው፣ ዶሮው፣ የሚሮጠው ሰው፣ አንዱም አያመልጣትም። ስሟን ልጠራ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከነበርኩበት ጥላ ሁለት እርምጃ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ፣ እስክታገኘኝ ድረስ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፣ አጠናችኝ፣ ድዷን አሳይታ ሳቀች።

አውቶቡሱ እስኪነሣ ከዚያ አልተነቃነቅሁም።